ከጓሮ አጥሬ ማዶ ስላለው የምክር ቤቱ ሣር

ለክቡር ሚስተር ላክላን ፔቲፈር፣
በዊሎንጋራ ወረዳ ምክር ቤት የግቢ ጽዳትና የእሳት መከላከል ተቆጣጣሪ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ባለቤትዎንና ያንን ሁልጊዜ የእግረኛ መንገድ ላይ የሚያርፈውን ነጭ መኪናዎን በፍጹም ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ መሰላል ስወጣ ከሚያጉረመርመው ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስሜ ኖሪን ትረጌንዛ ይባላል፤ በባንክሲያ ጎዳና ቁጥር አሥራ ሰባት ብቻዬን እኖራለሁ። ባለቤቴ ኮሊን ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ ምንም እንኳ መሥሪያ ቤትዎ እስካሁን ማስጠንቀቂያውን ሁሉ በስሙ እየላከ ቢያከብረውም። ይህን ጽሑፍ በአካባቢያችን ጋዜጣ እንዲወጣ የለመንኩት፣ በቀጥታ የላክሁልዎት ሦስት ደብዳቤዎች በሥራዎ ብዛት መካከል መንገድ ጠፍቷቸው ይሆናል ከሚል ሐሳብ ብቻ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጸደይ ጽዳት ማስጠንቀቂያዎ አመሰግናለሁ። በሠላሳ ሰባት ዓመት ውስጥ ግቢዬን እንደ እርስዎ በጥንቃቄ ያየ ሰው የለም፤ ኮሊን እንኳ ከቲማቲሞቹ አልፎ አያይም ነበር። እስከ ኖቬምበር አንድ ድረስ እንዲስተካከል የታዘዘውን ሁሉ ስለፈጸምኩ፣ አሁን በተራዬ ጥቂት ትንንሽ ነገሮችን በቁጥር አስቀምጬ ባቀርብ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሣሬ ቁመት። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት በጓሮዬ ተንበርክከው፣ ከኪስዎ ማስመሪያ አውጥተው ሣሬን ሲለኩ በወጥ ቤቴ መስኮት አይቼዎታለሁ። አሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ከተፈቀደው በአራት ይበልጣል። ጥፋቴን አምኛለሁ፣ በማግስቱም አጭጄዋለሁ። የገረመኝ ሌላ ነው። እርስዎ ሲለኩ ጀርባዎን የሰጡት ለሽቦ አጥሬ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ባለው የምክር ቤቱ መሬት ላይ ደግሞ ሣሩ እስከ ደረቴ ስለሚደርስ፣ እርስዎ ተንበርክከው ሳሉ በሽቦው ላይ አንገቱን አስግጎ ባርኔጣዎን ከኋላ ይነካካ ነበር። ዝንብ መስሎዎት ሁለት ጊዜ በእጅዎ መቱት። እንዲህ ያለ ትዕግሥተኛ ተቆጣጣሪ ስላለን ደስ ይለኛል፤ ሌላ ሰው ቢሆን ዞር ብሎ ያይ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ አሸንዳው፣ ስለ ባሕር ዛፉ ቅርፊትና ስለ እግር መጥረጊያው። አሸንዳዎቼን አጽድቻለሁ፤ ከውስጣቸው ሁለት ባልዲ ቅጠል፣ አንድ የቴኒስ ኳስና ባለቤቱ የለቀቀው የወፍ ጎጆ ወጥቷል። የማገዶ ክምሬን ከግድግዳው አርቄያለሁ። ትልቁ ባሕር ዛፍ ግን ጠዋት ብጠርግለት ማታ ደግሞ ቅርፊቱን ይጥላል፤ ከምክር ቤቱ በፊት እዚህ የነበረ ስለሆነ መሰለኝ ማስጠንቀቂያው ብዙም አላስደነገጠው። በረንዳዬ ላይ የነበረውን ከኮኮናት ቃጫ የተሠራ የእግር መጥረጊያ "ተቀጣጣይ ነገር" ብለው ስለመዘገቡት ወደ መታጠቢያ ቤት አስገብቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንግዶቼ እግራቸውን ለመጥረግ ሳሎኑን በጭቃቸው አቋርጠው ይሄዳሉ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰሌዳው። ለአሥራ ስምንት ዓመት በየጸደዩ ከአጥሬ ማዶ ያለውን የምክር ቤቱን ሣር፣ ከእኔም ከጎረቤቴም ቤት ጀርባ፣ ስምንት ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቼ በራሴ ማሽን አጭድ ነበር። በዚህ ዓመት በጁላይ ግን ሰዎችዎ መጥተው "የአገር በቀል ሣር ጥናት፤ ማሽን ማስገባት ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ተከሉ። ሰሌዳው የእንጨት ነው። በደረቀ ሣር መካከል የቆመ ደረቅ እንጨት የእሳት መከላከል ክፍል ማኅተም ሲያርፍበት እንዴት እንደሚያምር ልነግርዎ አልችልም።

የጥናቱንም ሰነድ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አነበብኩት። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አሥራ አራት ዓመቴ ብቻ ስለሆነ፣ ከመዝገበ ቃላት ጋር እየተማከርኩ አርባ ስድስቱን ገጽ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። በገጽ ሠላሳ አንድ ላይ "ከመኖሪያ ቤቶች አጥር ጋር የሚዋሰነው መሬት በስምንት ሜትር ስፋት በየዓመቱ ከሙቀቱ ወራት በፊት በምክር ቤቱ ይታጨዳል" ይላል። በመጨረሻው ገጽ የእርስዎ ፊርማ አለ፤ እጅግ ያማረ ፊርማ ነው። አንድን ሰነድ የፈረመው ሰው ያነበበውም መሆን አለበት የሚል ደንብ እንደሌለ ግን እረዳለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ስልኩ። የገጽ ሠላሳ አንድን ቅጂ ይዤ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ትሑት ናት፤ "እናቴ፣ የሚያጭዱት እኮ ክፍት ቦታ ክፍል ናቸው፤ እኛ ግቢ ነን" አለችኝ። የክፍት ቦታ ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ "አጥሩ የእርስዎ ነው አይደል? አጥር ካለበት ግቢ ነው" ብሎ ወደ እሷ መለሰኝ። በሦስተኛው ዙር ልጅቷ ራሷ አዘነችልኝና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እናቴ፣ ምን ልዋሽዎ፣ ለፌብሯሪ ስብሰባ ይቀርባል ነው የሚሉኝ" አለች። ፌብሯሪ የበጋችን ማብቂያ መሆኑን እሷም ታውቃለች።

ይህን ለጎረቤቴ ለሴላ ፊፊታ ነገርኳት። ሴላ ከባሏ ከሲዮኔ፣ ከሦስት ልጆቿና በከዘራ ከምትሄደው እናቷ ጋር ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ትኖራለች። "አክስቴ፣ እንግዲያው እሳቱንም ቀጠሮ ይስጡታ" አለችኝ። "ጃንዋሪ ላይ ከች ሲል 'ና አረፍ በል፣ ሻይ ይምጣልህ፣ ስብሰባው ሲያልቅ ትጠራለህ' ይበሉት።"

አምስተኛው በእርስዎ ላይ የቀረበ አቤቱታ አይደለም፤ በራሴ ላይ ነው። መቁጠር ከጀመርኩ አይቀር እዚህ ልጨምረው።

በዚህ ጎዳና ጸደይ ሲመጣ ሁላችንም ግቢያችንን እናጸዳለን፣ የጠረግነውንም ከጓሮ አጥር ማዶ እንወረውራለን። ማንም አያወራውም፣ ሁሉም ያደርገዋል። የቆሻሻ መጣያው አርባ ደቂቃ ይርቃል፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው ደግሞ የማንም አይደለም፣ ማለትም የእርስዎ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ልክ እንዳሁኑ በኦክቶበር፣ ቅጠሉን፣ ቅርፊቱንና የተከረከመውን ቁጥቋጦ ጓሮ ውስጥ ሰብስቤ ሳለ ኮሊን "ኖሪን፣ ተይው፣ ሐሙስ በመኪና እወስደዋለሁ" አለኝ። "የየትኛው ዓመት ሐሙስ?" አልኩት። አሥራ አንድ የእጅ ጋሪ ሙሉ በእንጨት አጥራችን ላይ አሻገርኩ። ከእኔ ቤት ጀርባ ሆኖ እንዳያስጠላኝ ብዬም ወደ ጎን፣ ወደ ጎረቤቴ ወደ ኤድና ኩዊልቲ አጥር አስጠግቼ ከመርኩት።

በጃንዋሪ እሳት ከሣሩ ሜዳ ማዶ ካለው የባቡር ሐዲድ በኩል ተነሣ። የሣር እሳት እንደ መንገደኛ ነው፤ የሚያቆየው ካላገኘ ያልፋል። ያኛው የሚቀመጥበት አገኘ። ከክምሩ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ኤድና ጣሪያ ወጣ። የእኔ ቤት ነፋሱ ስለዞረ ተረፈ። ኤድና በዚያ ቀን ከተማ ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ ቆሞ ያገኘችው የጭስ ማውጫውን ብቻ ነው። ከሁሉ የበለጠ ያስለቀሷት በልጅነቱ የሞተባት የልጇ ፎቶዎች ነበሩ። ሦስት ሳምንት በትርፉ ክፍሌ ተቀመጠች። ሻይ አፈላሁላት፣ አልጋዋን አነጠፍኩላት፣ ምንም አልነገርኳትም። የመርማሪዎቹ ሪፖርት "የደረቀ ሣር" አለ፤ እኔም እንደሚያምን ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ኤድና ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄደች። ከአራት ዓመት በፊት እስክታርፍ ድረስ በየገናው "ለደግነትሽ" የሚል ካርድ ትልክልኝ ነበር። ኮሊን ያውቅ ነበር፤ ሐሙስን ግን አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

እንግዲህ ያን ሁሉ ዓመት ሣርዎን ያጨድኩት ምክር ቤቱን በመውደድ አልነበረም። በመሥሪያ ቤትዎ ግድግዳ ላይ ሜዳልያ ሊሰቅሉልኝ አስበው ከሆነ ሚስማሩን ይንቀሉት።

ባለፈው እሑድ ከሴላ አጥር ማዶ አዲስ ክምር አየሁ። ኤድና ትኖርበት በነበረው መሬት ላይ ነው የሴላ ቤት የተሠራው። ሁለት ቀን በግቢዬ ዞርኩ፤ የራሴን ሳልናገር የእነሱን መናገር አልቻልኩም። በሦስተኛው ቀን በጓሮ በራቸው ሄጄ፣ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ቆሜ ነገርኳት። ሴላ እጇን በፎጣ ጠረገች።

ከዚያ "አክስቴ፣ እዚህ ከገባን ሦስት ዓመታችን" አለችኝ። "ምግብ እንቀባበላለን፣ ልጆቼ ከእርስዎ ቤት አይጠፉም። ያንን ማሽን ሲገፉ አይቼ 'ይረፉ እንጂ፣ ምን አስጨነቀዎት?' ስልዎ ይስቃሉ። አንድ ቀን እንኳ 'እዚህ አትጣሉ' ማለት አቃተዎት?"

ወደ አጥሩ ዞር አልኩ።

"እናቴ የምትተኛው የኋላው ክፍል ነው" አለችና ወደ ውስጥ ዞራ፣ "ሲዮኔ፣ ጫማህን አድርግ" ብላ ተጣራች። እስኪመሽ ድረስ ክምሩን ሦስታችን በእጅ ጋሪዬ መልሰን አስገባነው፤ ሲዮኔም ዕለቱን በመኪናው ወደ መጣያው ወሰደው። ሴላ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ ትሰጠኛለች እንጂ እንደ ቀድሞው አትቀልድብኝም። ልክ ናት።

ክቡር ሆይ፣ ክምሩ ተነሥቷል፤ ሣሩ ግን እንደቆመ ነው፣ ትኩሱ የሰሜን ነፋስም አጀንዳ አንብቦ አይነሣም። ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማሽኔን እየገፋሁ ሰሌዳዎን አልፌ እገባለሁ። ከቁጥር አሥራ ሰባትና ከቁጥር አሥራ ዘጠኝ ጀርባ ያለውን ስምንት ሜትር አጭዳለሁ፤ ጥናቱን ስለማከብር ከዚያ ያለፈች አንዲት ሣር አልነካም። ሲዮኔ "እኔ ልግፋልዎ" ብሎኝ እምቢ ብያለሁ፤ ቅጣት የሚጻፍ ከሆነ በእኔ ስም መጻፍ አለበት። ምክር ቤቱ ዓርብ ዕለት ቀድሞኝ ቢያጭደው ማሽኔን ቆልፌ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ አጨበጭባለሁ። ካልሆነ ግን የቅጣት ደብተርዎን ይዘው ይምጡ፤ ምንም እንኳ መምጣትዎ የሚያስደስተኝ ቢሆንም ከስድስት ሰዓት በፊት ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ይከብዳል፣ ብልጭታው ሣሩን እንዳያቀጣጥል ማሽንም አይነካም።

የባንክሲያ ጎዳና ሰዎች ሆይ፣ እናንተም ከአጥራችሁ ማዶ የጣላችሁትን መልሱ። ማን እንደጣለ አልጠይቅም። ለእኔ አፌን ለመክፈት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ እስከ ቅዳሜ ጊዜ አላችሁ።

የአሥር ሳንቲ ሜትርን ትርጉም በጉልበትዎ ተንበርክከው ያስተማሩኝን ውለታዎን ሳልረሳ፣ ሥልጣንዎ እንደ ምክር ቤቱ ሣር ሳይታጨድ እንዲያድግ እየተመኘሁ፣ እስከ ዓርብ ማታ ድረስ ታዛዥዎ የምሆነው፣

ኖሪን ትረጌንዛ
ባንክሲያ ጎዳና፣ ቁጥር አሥራ ሰባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ከመታተሙ በፊት ለጨዋነት ስል አንድ ቅጂ ላደርስልዎ ቤትዎ ድረስ ሄጄ ነበር። በፊት ለፊት የሚከፍትልኝ ስላጣሁ በጓሮ በኩል ዞርኩ። አሸንዳዎ ላይ የበቀለችው የባሕር ዛፍ ችግኝ ጤነኛ ትመስላለች፤ ቁመቷን ግን ማስመሪያ ስላልያዝኩ አልመሰክርም። ከጓሮ አጥርዎ ማዶ ስላለው ክምር ዝም ብል በወደድኩ፤ ዝም ማለት የሚያመጣውን ግን አውቀዋለሁ። በዓይን ግምት ስድስት ጋሪ ይወጣዋል። ጋሪዬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለውም፣ እኔም የለኝም።