አይጥ ሲፈሩ የኖሩት የዶክተር ላሃይ ስዋሬይ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ላሃይ ስዋሬይ ከአባታቸው ከፓ ብሪማ ስዋሬይና ከእናታቸው ከማማ ጄኔባ ቫንዲ እ.ኤ.አ. በ1964 በኬኔማ አውራጃ፣ ንጎላሁን መንደር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እኅታቸው ባይንዱ ናት፤ የምታነበውም እርሷው ናት። ድምጿ ቢንቀጠቀጥ ከኀዘን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፈርታለች። ከራስ እስከ እግራቸው የተሸፈኑት ሠራተኞች ሣጥኑን አውርደው እስኪጨርሱ ድረስ ማንም የተዘረጋውን ገመድ እንዳያልፍ ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል።

ላሃይ የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በደረቁ ወራት፣ ነፍሰ ጡር የነበሩትን እናታቸውን ትኩሳት ያዛቸው። ሰው ሁሉ ወባ ነው አለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፊታቸው አበጠ፣ ድዳቸው ይደማ ጀመር፣ ከነጽንሳቸው አረፉ። እንደ አገሩ ወግ የሠፈሩ ሴቶች አስከሬኑን አጠቡ፤ ካጠቡት መካከል ሁለቱ ወሩ ሳያልቅ ተከተሏቸው። ፓ ብሪማም ታመው ቢተርፉም ጆሯቸው ከዚያ በኋላ አልሰማም። በሽታው ላሳ የሚባለው ትኩሳት እንደሆነ፣ የምታመጣውም ቤት ለቤት የምትዞረው አይጥ በሽንቷና በኩሷ እንደሆነች ለቤተሰቡ ያስረዱት ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሳቸው ላሃይ ናቸው። በልጅነታቸው የሚያውቁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናታቸውን የገደለ ነገር ቤት ውስጥ አለ፣ ደግሞም አይታይም። ከመተኛታቸው በፊት የድስቱን ክዳን ሳይነካኩ አያድሩም ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደሩ የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃን በኬኔማ ከተማ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1987 በሥነ ሕይወት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፣ መምህርም ሆኑ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲደርስ ከሕዝቡ ጋር ወደ ቦ ከተማ ተሰደዱ። በመጠለያው ውስጥ ሰውና እህል አንድ ድንኳን ሥር ሲያድር ማየት ከተኩሱ ይበልጥ ያስፈራቸው ነበር። በዚያው መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1996 ከወይዘሮ ማሳ ኮሮማ ጋር ተጋቡ። ወይዘሮ ማሳ እንደሚያወሱት፣ ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ቀርበው የጠየቋቸው ነገር ቢኖር «ሩዛችሁን የት ነው የምታስቀምጡት?» የሚል ነው። «ከራስጌዬ ሥር» ቢሏቸው በማግሥቱ ክዳን ያለው በርሜል ተሸክመው መጡ። እ.ኤ.አ. በ1999 አንዲት ሴት ልጃቸውን ካዲን ወለዱ፤ ሌላ ልጅ አልወለዱም።

ሰላም ሲሆን ወደ ኬኔማ ተመልሰው የዶክትሬት ጥናታቸውን በዚያችው በሚፈሯት አይጥ ላይ ሠሩ። ቀጥሎም ጎተራ የሚነድፍ መሐንዲስ፣ ትኩሳቱን የሚያክም ሐኪምና የዱር አራዊት አጥኚ አሰባስበው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጧቸው። አይጧ የእርሻው ማሳ ሲቃጠል ወደ ሰው ቤት እንደምትገባ፣ በሽተኛውም «ወባ ነው» እየተባለ ዘግይቶ ስለሚመጣ እንደሚሞት፣ ቶሎ ለመጣ ግን መድኃኒቱ እንደሚደርስለት በየዓመቱ እያጠኑ አሳተሙ። «የወባ መድኃኒት በሁለት ቀን ካላበረደው ሦስተኛውን ቀን እቤት አትዋል» የሚለውን ምክር በአውራጃው ያልሰማ የለም።

ትምህርቱ አይጥ አጥምደው በሚበሉ ልጆች ዘንድ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ፈተና ፈተኑ። ልጆቹ «አይጥ አይነካም፣ አይበላም» ብለው ጽፈው ሙሉ ውጤት አመጡ። ከሰዓት በኋላ ዶክተር ላሃይ በመንደሩ ሲያልፉ አንደኛ የወጣችው ልጅ አይጥ በእንጨት ሰክታ ስትጠብስ አገኟት። «አንቺ! ጠዋት ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» ሲሏት፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ «ጠዋትማ ፈተና ነበራ!» አለቻቸው። ይህን ሲያወሩ እስኪያለቅሱ ይስቁ ነበር። ከዚያ በኋላ የሳይንስ ትምህርቱን ከክፍል አውጥተው በየእናቶቹ ማድ ቤት አደረጉት።

መሐንዲሱ የነደፈው ጎተራም የራሱ ታሪክ አለው። እግሮቹ ላይ አይጥ የማትወጣው የቆርቆሮ አንገትጌ ተገጥሞለት ሳለ በዓመቱ ውስጡ የአይጥ ኩስ ተገኘ። መሐንዲሱ ቆርቆሮውን ሲያገላብጥ ዶክተር ላሃይ መሰላሉን አዩ። በእኛ ዘንድ የጎተራ መሰላል ተደግፎ ይኖራል እንጂ አይነሣም፤ ማንሣቱ ለዘመድ ፊት መንሣት ነው። አይጧ በመሰላሉ እንደ ዘመድ ትወጣ ትወርድ ኖሯል። ሰው ሲወርድ በራሱ የሚነሣ መሰላል ቢያሠሩ አጎታቸው ፓ ሞሪባ «አይጥ ፈርቼ የሥጋ ዘመዴን በር ልዘጋበት? አንተ ልጅ፣ ትምህርቱ ሆድህን አጠበበው!» ብለው በመንደሩ ፊት ሳቁባቸው።

ዶክተር ላሃይ ፈሪ ነበሩ። ይህንን መደበቅ እርሳቸውን መደበቅ ነው። ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ክዳን ያለው ሳህናቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ማድ ቤት ከመግባታቸው በፊት በሩን ያንኳኳሉ፤ አይጧ ሰምታ እንድትሸሽ ነው። አገሩ «ዶክተር ክዳን» ብሎ ሰየማቸው፣ ልጆች ከኋላቸው ክዳን እያንኳኩ ይከተሏቸው ነበር። እርሳቸውም ዞር ብለው «አንኳኩ! አንኳኩ! ብቻ ስትጨርሱ ክደኑበት» ይሏቸዋል። ባይንዱም ከሚስቁት አንዷ ነበረች።

ባለፈው ጃንዋሪ ልጃቸው ካዲ ልትዳር ሆነ፤ ሙሽራው ፍራንሲስ ንጌግባ የኬኔማ ልጅ ነው። የሙሽራው ወገን እንደ ወጉ የሠርጉን ሩዝ በጆንያ ጭኖ መጣ። ዶክተር ላሃይ ሩዙ ወዲያው ጎተራ ይግባ አሉ። ፓ ሞሪባ ግን ሳሎኑ መካከል ቆመው «የሠርግ ሩዝ ይታያል እንጂ ይደበቃል? አማቾቹ ምን ይሉናል? ዕድሜህን ሙሉ ፈራህ፤ ለልጅህ ሠርግ እንኳ አንዴ ድፈር!» አሉ። ቤት ሙሉ ዘመድ ሳቀ። ዶክተር ላሃይ ልጃቸውን አዩ፣ እርሷም ትስቅ ነበር። እሺ አሉ። ሩዙ ለእንግዳ እንዲታይ ሳሎን ውስጥ ተደረደረ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከጆንያዎቹ ሥር ኩስ አዩ። ሁሉንም ሰው አስወጥተው፣ በረኪና በጥብጠው ወለሉን ብቻቸውን ወለወሉ። ሌላ ሰው እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ሲያነሡ አቧራው በፊታቸው ላይ ሲቦን ወይዘሮ ማሳ በመስኮት አይተዋል። ያን ቀን ማታ እራት አልበሉም።

የሠርጉ ሳምንት ትኩሳት ጀመራቸው። ሲመረመሩ ወባ ተገኘባቸው። ለወትሮው እርሳቸው ሌላውን ሰው የሚቆጡበት ጉዳይ ይህ ነበር፤ ሦስተኛውም ቀን አለፈ፣ ሆስፒታል አልሄዱም። ወይዘሮ ማሳ «ሂድ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ሲሏቸው «ቅዳሜን ልለፈው» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ፈርተው ያን ሳምንት ብቻ ደፈሩ። ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ጓንት አጥልቀው ልጃቸውን ዳሩ። እንግዳው የክብር ጓንት መስሎት አደነቀላቸው።

እሑድ ጠዋት መኝታ ቤታቸው ወለል ላይ ወድቀው ተገኙ። ካዲ ከአማቾቿ ቤት እየሮጠች ደረሰች። ዶክተር ላሃይ እስከ ግድግዳው ድረስ በክርናቸው ተስበው «ውጪ! ካዲ፣ ከበሩ ውጪ! አትንኪኝ!» ብለው ጮኹ። በሕይወታቸው ልጃቸው ላይ ሲጮኹ የመጀመሪያቸው ነበር። እርሷም «አባዬ፣ ዛሬ እንኳ ተወኝ» ብላ ቀረበች፤ ያስመለሳቸውን በራሷ መሐረብ ጠረገች፣ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አደረገች። ወይዘሮ ማሳና ባይንዱ በሩ ላይ ቆመው ሁለቱንም እያዩ ወደ ውስጥ መግባት አልቻሉም። እግራቸውን የያዘው ፍርሃት ነው።

በሆስፒታሉ የትኩሳት ክፍል በዘጠኝ ቀናት ቆይታቸው ሐኪሞች የሚቻለውን ሁሉ አድርገዋል፤ ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል። ዶክተር ላሃይ በመስታወቱ በኩል ፓ ሞሪባን አስጠርተው «ፓ፣ እኔን ማንም እንዳያጥበኝ። እናቴን ያጠቡትን ያስታውሷቸዋል» አሏቸው። ፓ ሞሪባ መስታወቱ ላይ መዳፋቸውን ለጥፈው «የሩዙ ጥፋት የኔ ነው፣ ልጄ፤ ያ ሩዝ የኔ ነው» አሉ እየደጋገሙ። «ኋላ እንነጋገርበታለን፤ አሁን ካዲን ይጠብቁልኝ። ሙቀቷን ጠዋትና ማታ ይለኩ፣ ትንሽ ከፍ ካለ አይዘግዩ» አሉ። ማክሰኞ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025 በስድሳ ዓመታቸው አረፉ።

ሊያጥቧቸው የመጡ ዘመዶች ነበሩ። ፓ ሞሪባ በእርጅናቸው የሆስፒታሉ በር ላይ ዱላቸውን ይዘው ቆመው አንድም ሰው አላሳለፉም። ቅር ያላችሁ ካላችሁ ቅሬታው ለእርሳቸው ይድረስ።

ሐሙስ ጠዋት የካዲ ሙቀት ከፍ አለ። ማንም «ወባ ይሆናል» ብሎ አፉን አልከፈተም። ፓ ሞሪባ ጫማቸውን ሳያጠልቁ መኪና አስቆሙ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን መድኃኒቱ ተጀመረላት። አሁን አባቷ በነበሩበት ክፍል ናት፤ አልጋው ሌላ ነው። ስለ እርሷ የምንሰማው በመስታወት በኩል ነው፣ ዛሬ ዓርብ ማታ ይህ ሲጻፍም የተሻለ ወሬ የለም። ባይንዱ ወንድሟን ለመቅበር ቃላት እየፈለገች ጆሮዋ ስልኩ ላይ ነው። ስልኩ ሲጠራ ማንሣት ትፈራለች፣ ሳይጠራ ሲቀርም ትፈራለች።

ይህንን ወረቀት የሚያትመው ሰው ዛሬ ማታ ደውሎ «እታለም፣ የመጨረሻውን ገጽ፣ በሕይወት ያሉትን ስም የያዘውን፣ ነገ ጠዋት ባትመው አይሻልም? አንዴ ከታተመ ማረም...» አላት። አልጨረሰውም። ሰውየው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ወረቀት ውድ ነው። ባይንዱ «አሁን እተመው» አለችው።

ስለዚህ፦ ዶክተር ላሃይ ስዋሬይ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማሳን፣ እኅታቸውን ባይንዱን፣ አጎታቸውን ፓ ሞሪባን፣ አማቻቸውን ፍራንሲስ ንጌግባን እና ልጃቸውን ካዲ ስዋሬይን ትተው አልፈዋል።

ጌታ ሆይ፣ ብዙ የፈራውን ባሪያህን ምንም በማይፈራበት አሳርፈው። ካዲን ግን አትውሰድብን።