ሰኞ ያረፈች ልጄ ማክሰኞ ስላወጣችው ጽሑፍ

ለተከበሩ የብሎግ ድርጅቱ የደንበኞች ጉዳይ ኃላፊ፣

ሦስት ወር ተጻጽፈን ያሉበትን ቦታ ባላውቀውም፣ ባሉበት ጤናዎ እንዲበዛ፣ ሥራዎ እንዲቀናዎ፣ ልጆች ካሉዎትም ወጥተው በሰላም እንዲገቡልዎ እመኛለሁ። የመጨረሻውን ከልቤ ነው።

የልጄ መርዶ የደረሰኝ አምና ማክሰኞ ጠዋት ነው። አለቃዋና የመሥሪያ ቤቷ ጸሐፊ በሬ ላይ ቆመው ነበር። እኔ መነጽሬን አድርጌ ያን ጠዋት የወጣውን አዲስ ጽሑፏን ከስልኬ ላይ እያነበብኩ ስለነበር፣ «ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ልጄ ጽፋለች፣ ሁለት መስመር ናት የቀረችኝ» አልኳቸው። ጸሐፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጨረስኩት። የመጨረሻው መስመር «እምዬ፣ እንደ ልማድሽ የፊደል ስህተቱን ቁጠሪና ደውይልኝ» ይላል። ከዚያ በኋላ ነገሩኝ። የተሳፈረችበት መኪና የተገለበጠው ሰኞ ከሰዓት ነው።

እርስዎን ስለ ራስዎ ሥራ ማስረዳት ድፍረት እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ፤ ነገር ግን ጉዳዩ እዚህ ላይ ስለሆነ ይታገሡኝ። ልጄ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ እየዞረች የክትባት ማቀዝቀዣ ትጠግን ነበር። አንባቢዎቿ «ባለፍሪጇ» ይሏታል። የምትጽፈው በእጅ ስልኳ፣ በሁለት አውራ ጣቶቿ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ነው፤ ከስህተቶቿ ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የመንገዱ ነበር። ኔትወርክ በሌለበት ጽፋ ትጨርስና «አውጣ» የሚለውን ቁልፍ ትጫናለች። ስልኩ ጽሑፉን ይዞ ይቆይና ኔትወርክ ያለበት ሲደርስ ራሱ ያወጣዋል። ያን ሰኞም ተጭናው ነበር። በማግስቱ አለቃዋ ዕቃዋን ይዞ ሲመለስ ስልኩ ከቦርሳዋ ውስጥ ሆኖ ኔትወርክ አገኘና የታዘዘውን ፈጸመ። ይህን ታማኝ መሣሪያ የሠራው የእርስዎ ድርጅት ነውና አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ቅሬታዬ ልለፍ።

፩ኛ. «ናፍቀሽናል፣ ለምን ጠፋሽ?» የሚል ደብዳቤ ለልጄ ልከዋል። ስለ ናፍቆትዎ እግዜር ይስጥልኝ። ከናፍቆቱ በታች በትናንሽ ፊደል፣ ዓመት ሙሉ ምንም ያልወጣበት ብሎግ በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚሰረዝ ተጽፏል። የናፈቁትን ሰው እንዲህ ማጥፋት በእኛ ሰፈር አልተለመደም።

፪ኛ. እንዳይሰረዝ ስለምንዎ የሞት ማስረጃ ጠየቁኝ። ሰልፍ ይዤ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንሥቼ ላክሁ። መልስዎ በዘጠነኛው ቀን መጣ፦ የብሎጉ ባለቤት ሞተች በተባለችበት ማግስት ጽሑፍ ስላወጣች ማስረጃው ተቀባይነት የለውም። ክቡርነትዎ፣ ይህን ያነበብኩት ቆሜ ነው። አንድ እውነት ልንገርዎ፦ ለትንሽ ጊዜ አመንኩዎት። አፈሩን በዓይኔ ያየሁ ሴት፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት በእጄ ይዤ፣ ቁጥሯን መታሁ። ይህ ቁጥር አገልግሎት ላይ የለም አለኝ። እርስዎ በአንድ መስመር እንዲህ ያለ ተስፋ መስጠት መቻልዎ የሚደነቅ ነው።

፫ኛ. ማንነቷን እንድታረጋግጥ የሚስጥር ኮድ ልከናል፣ ኮዱን ይንገሩን ብለዋል። የላኩት ወደዚያው ቁጥር ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍበትም።

፬ኛ. ይህ እንኳ ቅሬታ ሳይሆን የሁኔታዬ መግለጫ ነው። ጽሑፎቿ አርባ አንድ ናቸው። ወር ሳያልቅ በደብተር እየገለበጥኳቸው ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ገና አሥራ ሰባተኛው ላይ ነኝ። ሽንኩርቱን ክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲደብቅ ስለያዘችው ዘበኛ፣ ተጣልተው ሲያበቁም አብረው ምሳ ስለ መብላታቸው የጻፈችው እሱ ነው። የዘበኛው ፎቶ አለበት፤ ሽንኩርቱን እንደ ሕፃን አቅፎ ቆሟል። ፎቶ በእጅ አይገለበጥም። ጎረቤቴ በመስኮት አይታኝ «ምነው እትዬ፣ በዚህ ዕድሜ ትምህርት ጀመሩ እንዴ?» ብትለኝ፣ «አዎ፣ ፈተናው ወር መጨረሻ ነው» አልኳት። ስቃ ሄደች። በዚያ ሳምንት ቤቴ ደጃፍ የተሰማ ሳቅ እሱ ብቻ ነው። ስህተቶቿን ሳላርም እንዳሉ እየገለበጥኩ ነው፤ ቆጥሬ የምደውልለት የለኝም።

የምጠይቅዎ ጥቂት ነው። የይለፍ ቃሏን አልፈልግም። በስሟ አልጽፍም። ለሌላ ሰው የጻፈችው ካለ አላይም። ያወጣችው ባወጣችበት እንዲቀመጥ ብቻ ነው የምለምንዎ። ከድርጅትዎ ሰፊ ቤት ውስጥ አርባ አንድ ጽሑፍ የሚይዘው ቦታ አንዲት ወንበር የምታህል አይመስለኝም።

ይህን በጋዜጣ ያወጣሁት ላዋርድዎ አይደለም። አቤቱታ መቀበያዎ በሁለት መቶ ፊደል እንድወሰን ስላዘዘኝ ነው።

ላደረጉልኝና ወደፊትም ላያደርጉልኝ ለሚችሉት ሁሉ ምስጋናዬን አስቀድሜ እያቀረብኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ፤

በእርስዎ መዝገብ በሕይወት ያለች፣ በቤቴ ግን የሌለች ልጅ እናት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ልደቷ ነበር። ዘመዶቼ እንዳይከፋኝ ብለው ስሟን መጥራት ትተዋል፤ ጓደኞቿም ሥራ ይበዛባቸዋል። ያን ቀን ከማለዳ እስከ ምሽት በሬን ያንኳኳም፣ የደወለም አልነበረም። እንኳን ተወለድሽ ያላት የእርስዎ ድርጅት ብቻ ነው፤ ባለቀለም ፊኛ ሳይቀር ልኮላታል። በዓለም ላይ ቀኗን የምናስታውስ እኔና የእርስዎ ማሽን ሆነን ቀረን። ማሽንዎ መጸለይ ስለማይችል፣ ይህን የምታነብቡ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ጋዜጣውን ከማጠፋችሁ በፊት ለልጄ አንድ ጊዜ ነፍስ ይማር በሉልኝ።