ዋስ ያልሆንኩለት ኳስ ተጫዋች

በአላህ ስም። እኔ ወይዘሮ ኸይራ ሰዒድ፣ ዕድሜዬ አርባ ስምንት ዓመት የሆነ፣ በአሰብ ከተማ የጨርቅ ነጋዴ፣ ዛሬ ኅዳር 11 ቀን 1979 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤቴ ታምሜ ተኝቼ ሳለሁ ይህን ቃል እሰጣለሁ። የታመመው ጉበቴ ነው እንጂ ልቦናዬ አልታወከም፤ ቃሌን የሚጽፈውን ይልቃልንና የተቀመጡትን አራት ምስክሮች አንድ በአንድ በስማቸው ጠርቻለሁ። ያስገደደኝ ሰው የለም። ከዚህ በፊት የተናዘዝኩት ቢገኝ ተሽሯል።

አንደኛ፤ ሱቄንና በውስጡ ያለውን ጨርቅ ሁሉ ለልጄ ለሳፊያ ሰጥቻለሁ። ወንድሟ ኑህ በወደቡ ሥራ ይዟል፤ እሷ ግን ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ከጎኔ ሆና ስትለካና ስትቆርጥ ያደገች ናት። የወርቅ አምባሬም የእሷ ነው።

ሁለተኛ፤ የምንኖርበት ቤት የባሌና የሁለቱ ልጆቼ ነው። ቬንቲላቶር ያለበት ክፍል ግን ባሌ በሕይወት እስካለ ድረስ የእሱ ብቻ ይሁን። ሙቀት አይችልም። ሃያ ሦስት ዓመት አሰብ ኖሮም አልለመደውም።

ሦስተኛው ስለ ባሌ ነው፤ ነገሩ ይረዝማል።

ባሌ ዩሱፍ ከመስለሙ በፊት ኮርኔሊስ ሆክስማ ይባል ነበር። አገሩ ሆላንድ ነው። ሮተርዳም በሚባል የወደብ ከተማ፣ ኳስ መጫወት መተዳደሪያው ሆኖ፣ ለአንድ ክለብ ሰባት ዓመት በግራ ክንፍ ተሰልፏል። አንድ ጊዜ ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን ተጠርቶ፣ ማልያውን ለብሶ፣ ሳይሰለፍ ተመልሷል። በሃያ ስምንት ዓመቱ ዝናብ እየዘነበ በተደረገ ግጥሚያ ጉልበቱ ተሰበረና ኳስ ቀረ። ያን ጊዜ ያስታመመችው የክለቡ ነርስ ማሪከ ትባላለች። ቀለበት አስሮላት ነበር። ሠርጉ ለምን እንደቀረ ሁለት ጊዜ ጠይቄው ሁለት ዓይነት መልስ ሰጥቶኛል። ከዚያ በኋላ የክሬን መካኒክነት ተምሮ በ1956 ዓ.ም. ወደ አሰብ ወደብ መጣ፤ በዓመቱ እኔን አገባ።

እኔ ቀናተኛ ሴት ነኝ። ጉልበቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ባሸሁለት ቁጥር ከእኔ እጅ በፊት የእሷ እጅ እንደነካው አስባለሁ። የወደብ ሠራተኞችን ቡድን ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በተጫዋቾቹም ቀንቻለሁ። ለግጥሚያ ጥዖ ድረስ በጀልባ ይዟቸው ሲሄድ፣ ለእኔ በወር የማይናገረውን ለእነሱ በአንድ ጉዞ ያወራላቸዋል። በሆላንድ ሳለ ከክለቡ ጋር የተነሳውን ፎቶግራፍ ዳሩን ምስጥ በላው ብዬው ነበር። ምስጥ አልበላውም። ማሪከ ከአጥሩ ጥግ ቆማ ትታይ ስለነበር በመቀስ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ቁራጩ ልብስ ሳጥኔ ውስጥ ነው፤ ይሰጠው።

በ1972 ዓ.ም. ያ የሆላንድ ክለብ አንድ በዓል ሊያከብር የድሮ ተጫዋቾቹን ጠራ። ዩሱፍ ደብዳቤውን እዚሁ አልጋ ጫፍ ተቀምጦ እየተረጎመ አነበበልኝ። ስሙ በሕዝብ ፊት እንደሚጠራ፣ መሳፈሪያውም እንደሚላክለት የሚል ነበር። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ደብዳቤውን አጠፈው።

«ማነው የፈረመው?» አልኩት።

«የክለቡ ጸሐፊ።»

«ስም የለውም?»

«ማሪከ ትባላለች።»

«ያችው ማሪከ?»

«አዎ፣ እሷው ናት» አለ።

ከተጋባን በኋላ የኢትዮጵያ ዜግነት ስለወሰደ ከአገር ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ለመመለሱም ከቤተሰቡ ዋስ ጥራ ተባለ። ልጆቹ ገና አልደረሱም፤ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። አብረን ወደ ፈቃድ ሰጪው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ሠራተኛው ወረቀቱን ወደ እኔ ሲገፋልኝ «ዋስ አልሆንም» አልኩ። ዩሱፍ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። መንገድ ላይ «ዛሬ ሙቀቱ በርትቷል» ብቻ አለኝ፤ በአሥር ሰዓትም እንደ ወትሮው ቡድኑን ሊያሠለጥን ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ ነገሩን አንድም ቀን አላነሳብኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሲተክዝ ባየሁት ቁጥር እሷ ዘንድ ሄዷል እላለሁ።

እዚህ ላይ ከምስክሮቹ አንዱ፣ ጎረቤቴ አቶ ውድነህ፣ «እትዬ ኸይራ፣ ይሄ ኑዛዜ ውስጥ ይገባል?» ብለው ጠየቁኝ። ይግባ ብያለሁ። ዩሱፍም ከደጅ እንዲጠራልኝ አደረግሁ፤ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ። የተነጋገርነው እንዳለ ይጻፍ።

«ያን ጊዜ ፈርሜልህ ሄደህ ቢሆን ኖሮ ትመለስ ነበር?» አልኩት።

ከበሩ ተነስቶ ወደ አልጋዬ ቀረበ።

«አላውቅም፣ ኸይራ» አለኝ።

«ኧረ ለታመመ ሰው እንዲህ አይባልም» አሉ አቶ ውድነህ።

«ይተዉት፣ የጠየቅሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

እመለስ ነበር ቢለኝ አላምነውም ነበር፤ ይህን ግን አመንኩት። ሰባት ዓመት የፈራሁት ቃል ይህ ነበር። ስሰማው አመመኝ፤ ነገር ግን ከጠበቅሁት ያነሰ ሕመም ነው።

ስለዚህ ልጄን ኑህን አዝዣለሁ። እኔ ከተቀበርኩ በኋላ አባቱ አገሬን ልየው ካለ ዋስ ይሁነው። ሳፊያ ብታለቅስም ይፈርም። ትመለሳለህ ወይ ብሎም አይጠይቀው፤ እኔ ጠይቄዋለሁ፣ ይበቃል።

ዩሱፍ እዚያ ደርሶ ሴትዮዋን ያገኛት እንደሆነ ግን አንድ ግዴታ ጥዬበታለሁ። ስሜን አጥርቶ ይንገራት። ኸይራ ሰዒድ እንደምባል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሚስቱ እንደነበርኩ፣ በጠራችው ጊዜ የቀረውም መሄድ ጠልቶ ሳይሆን እኔ አልለቅም ብዬ መሆኑን ሳይደብቅ ይንገራት።

ይህ ቃል እኔና አራቱ ምስክሮች ባለንበት ከላይ እስከ ታች ተነቦልኝ፣ የሚጨመርም የሚቀነስም የለውም ብዬ በእጄ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ ኸይራ ሰዒድ (ፊርማ)

እኛም ስትናገር ሰምተን፣ ሲነበብ አዳምጠን፣ ስትፈርም አይተን ፈርመናል።

ውድነህ አስፋው (ፊርማ)
ሐጂ ሐማዱ ዓሊ (ፊርማ)
ሸዋንግዛው ተክሌ (ፊርማ)
ሙስሊማ ኑርዬ (የጣት አሻራ)

ቃሏን ሰምቼ የጻፍኩ፦ ይልቃል በዛብህ (ፊርማ)