አባባ ማጋነን ካቆመ ወዲህ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣ ለቤታችን ጸሐፊ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ ማለዳ ማለዳ የሚያስነጥስህ ነገር ተወህ ወይ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ነው? ትንሿ እህታችን ቅንጣቷስ ትምህርቷን ትከታተላለች ወይስ አሁንም መስኮት መስኮቱን ታያለች? አክስታችንስ? እኔ አለሁ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፤ ከእንቅልፍ ጋር ግን ከተጣላሁ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። የአባባን ጤና ከሁሉ አስቀድሜ መጠየቅ እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ ረስቼ አይደለም። እንደ ወትሮህ ሁሉንም ሰብስበህ ይህን ጮክ ብለህ እንዳታነብላቸው። በሩን ዝጋና ብቻህን አንብበው። ለእነሱ የሚነበብ ሌላ አንድ ገጽ አብሬ ልኬያለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ማተሚያ ቤታችን ሰሞኑን ለተማሪዎች የሚሆን የሥነ ጽሑፍ መጽሐፍ እያተመ ነው። ከማሽኑ የወጣው ሰፊ ወረቀት እኛ ጥረዛ ክፍል ይመጣል፤ እናጥፈዋለን፣ በገጽ ቁጥሩ ደርድረን እንሰፋዋለን፣ ጀርባውን ሙጫ ቀብተን እናስረክባለን። ታውቀኛለህ፣ እጄ ሲሠራ ዓይኔ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከገጽ ስልሳ አምስት እስከ ሰማንያ ያለው እጥፋት የእኔ ድርሻ ሆነና ያንኑ ምዕራፍ ከጧት እስከ ማታ ሳየው ሰነበትኩ። ስለ ዘይቤ ነው የሚያወራው። አንዱን ነገር ከሌላው ጋር ማመሳሰል ተነጻጻሪ ዘይቤ ይባላል፤ ግዑዙን እንደ ሰው ማስነሣትና ማናገር ሰውኛ ነው፤ ከልኩ በላይ ማግዘፍ ደግሞ ግነት። ግነት የሚለው ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። የአባባ የዕለት ተዕለት ወሬ ለካ ስም አለው።

ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል አንድ አራሚ አለ፤ ሽማግሌ ነው። ሳይነካው የሚያልፈው ነገር ስለሌለ ሠራተኛው ቀዩ እርሳስ ይለዋል። ያልገባኝን ስጠይቀው፣ ስሙን መሸምደድ ዋጋ የለውም፣ በደንብ የምታውቂውን ጽሑፍ አምጪና እሱ ውስጥ ፈልጊው አለኝ። እኔ ከናንተ ደብዳቤ ሌላ በደንብ የማውቀው ጽሑፍ ከየት ይምጣ? በማግስቱ በምሳ ሰዓት ደብዳቤዎቻችሁን የማኖርበትን ካርቶን ይዤለት ሄድኩ።

አምና አባባ ጥርሱን ሲነቀል ያስጻፈህን ታስታውሳለህ? ሦስት ሰው ከነወንበሩ ይዞት፣ ጥርሱ ሲወጣ ሐኪሙ ወደ ኋላ ተወርውሮ ግድግዳውን እንደሰነጠቀው። ጉንፋን ይዞት ሰባት ጊዜ ሞቶ ሰባት ጊዜ እንደተነሣ። ከላክሁለት ኮት ሙቀት የተነሣ እሱ በደጅ ሲያልፍ ጎረቤቱ ሁሉ መስኮት እንደሚከፍት። ሰፈሩ አባ ሺህ ያለው በከንቱ ነው እንዴ፤ ግንበኛ ሆኖ በኖረበት ዘመን ሁሉ በቀን ከሺህ ድንጋይ በታች አንሥቶ አያውቅም። ቀዩ እርሳስ ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። እንዲህ ያለ አባት ያላት ሰው መጽሐፍ ምን ያደርግላታል አለኝ።

ከዚያ ከጥቅምት ወዲህ የመጡትን ሦስቱን ዘረጋሁለት። አንዱ ላይ ናፍቆትሽ እንደ ማለዳ ጤዛ ልቤን ያረሰርሰዋል ይላል። ሌላው ላይ ነፋሱ ስምሽን እየጠራ በራችንን ያንኳኳል። ሽማግሌው አንብቦ ሲጨርስ ሳቁ ጠፋ፤ ይህን ያስጻፈው ሌላ ሰው ነው አለኝ። ጸሐፊው ድሮም ወንድሜ ነው ብዬ ተቆጣሁ። እጁን አላልኩሽም፣ አፉን ነው ያልኩሽ አለኝ።

እውነቱን ነው። አባባ ናፈቅሽኝ ማለት ሲያፍር፣ እናትሽ ስላንቺ ስታለቅስ ቤቱን ጎርፍ ሊወስደው ነው ነበር የሚለው። በሦስቱ ደብዳቤ ውስጥ አንዲት ሺህ የለችም። ሽማግሌው ፊቴን አይቶ፣ ምናልባት ወንድምሽ በትምህርት ቤት ዘይቤ ተምሮ ባባትሽ ስም እየተለማመደ ይሆናል ሲል ሊያጽናናኝ ሞከረ። በዚህ ሁለት ቀን ተጽናናሁ። መምህርህን ጭምር መረቅሁ።

በሦስተኛው ቀን የመጨረሻውን ደብዳቤ እንደገና አነበብኩ። ሁላችንም ደህና ነን፤ የቤታችን ምሰሶ ግን ትንሽ ዘመም ስላለ በድጋፍ አቁመነዋል ብለሃል። መጀመሪያ ሳነበው አናጢ ጥሩ ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ቤታችን እኮ የድንጋይ ነው። አባባ በገዛ እጁ የገነባው ነው፤ ምሰሶ የሚባል ነገር የለውም። ወረቀቱን ይዤ ወደ ሽማግሌው ሮጥኩ። እሱም ከሥሩ አሰመረና በዳሩ ተምሳሌት ብሎ ጻፈበት። ምሰሶ ያለው አባትሽን ነው፤ ልጁ ሊነግርሽ ፈልጎ አቅቶታል አለኝ።

በስልክ ልጠይቅህ ብዬ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቱንም ጊዜ ተኝቷል አልከኝ፤ አንዴ በጧት፣ አንዴ በእኩለ ቀን፣ አንዴ ወደ ማታ። ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው ይሄ? እኔ ደግሞ የቤታችንን ጠባይ አውቃለሁ። ክፉ ወሬ ለሩቅ ሰው አይነገርም ትላላችሁ። አያታችን ባረፈችበት ዓመት ስድስት ወር ሙሉ አያትሽ ሰላም ትልሻለች እያላችሁ ጻፋችሁልኝ። ከሞተ ሰው ሰላምታ እየተቀበልኩ፣ እኔም ጉንጯን ሳሙልኝ እያልኩ ስመልስ ኖርኩ። ያን ጊዜ አንተ ገና ልጅ ነበርህና አልተቀየምኩህም። አሁን ግን እርሳሱን የያዝከው አንተ ነህ።

ፈቃድ እንዳልጠይቅ መጽሐፉ ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መድረስ አለበትና ያለ በቂ ምክንያት ማንም ንቅንቅ አይልም። ለአለቃችን ምን ልበላት? አባቴ መዋሸት አቆመ ልበላት? እንደምንም ደፍሬ ነገርኳት። ሴትዮዋ ከቤት የተጻፈ ቁርጥ ያለ ነገር አምጪ፣ ያኔ እለቅሻለሁ አለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን የማደሪያ ትዕግሥት የለኝም። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስህ ካልደረሰኝ ሥራውን ጥዬ እመጣለሁ።

አልፈርድብህም። ይህን ምዕራፍ ሳጥፍና ሳነብ የራሴንም ጉድ አየሁ። ባለፈው ሰኔ መቁረጫው ጣቴን ትንሽ ነካ አደረገኝ ብዬ ጽፌ አልነበር? ነካ አላደረገኝም። የግራ እጄ ትንሿ ጣት ከመካከለኛው አንጓ በላይ የለችም። ወረቀቱን እያስተካከልኩ ሳለ ምላጩ ወረደ። ሁለት ሳምንት ሐኪም ቤት ተመላለስኩ፣ አለቀስኩ፣ አሁን ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ብቻ ያመኛል። አሳንሼ የጻፍኩት እማዬ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። አየህ፣ ሁለታችንም አንድ ነን።

አሁን እኔ በግልጽ ነግሬሃለሁ፤ አንተም በግልጽ ንገረኝ። ጤዛም ነፋስም አልፈልግም። ታሞ ከሆነ ታሟል በል። አንደበቱ ተይዞ ከሆነ ተይዟል በል። ከዚያም የከፋ ከሆነ እሱኑ በል፤ እችለዋለሁ። ላልችለውም እችላለሁ፤ ግን በል። ብቻህን ተሸክመኸው እንደከረምክ አውቃለሁ። በዚህ ዕድሜህ የአባትን አፍ ሆኖ መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም።

ካለና የሚናገር ከሆነ ግን ስለ ጣቴ ጆሮው ሥር ጮክ ብለህ ንገረው። ከመምሸቱ በፊት ክንዷ ከነትከሻው ሄደ ብሎ ሰፈሩን ያስለቅሳል። ያለውን ቃል በቃል ጻፍልኝ። እንዳልጨነቅ ብለህ ከራስህ ፈጥረህ ግን እንዳትልክ። የሱን ውሸት ከሺህ ውሸት መሐል ለይቼ አውቃለሁ።

እማዬን ጉልበቷን አሽልኝ፣ ግንባሯንም ሳምልኝ። አክስታችንን በርቺ በልልኝ፤ ቤቱን ማን ቀጥ አድርጎ እንደያዘው አላጣሁትም። ለቅንጣቷ መስኮቱን ትተሽ ወደ ሰሌዳው ተመልከቺ ብላሻለች በላት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ አባባን በየቀኑ እየመጣ የሚያጫውተው ከሆነ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በልልኝ። ከዚህ በታች ያለው ባዶ መስመር የአባባ ሰላምታ ነው። እስከ ዛሬ ሳልጽፈው ደብዳቤ አሽጌ አላውቅም፤ ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ። ምን ብዬ እንደምሞላው ንገረኝ።

ለአባባ፦ ……………………………………

እህትህ

ከማተሚያ ቤቱ ጥረዛ ክፍል
ማክሰኞ፣ ጥር 6 ቀን