ስለማይነሳው ላንድሮቨርህ

የኔ ጌትዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። ትናንት ተዝካርህን አወጣን። መሐል ሜዳ ያለ ዘመድ ሁሉ መጥቶ ነበር፤ ጠላውም አልጎደለም፣ ካህናቱም ፍትሐቱን አድርሰውልሃል። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ አንዴ ዋሽቼህ ያተረፍኩትን አይቼዋለሁ።

የቤቱን ልንገርህ። ላሟን ሸጥኳት፤ ለአንድ ሰው ወተት ምን ያደርጋል? ልጃችን ስንዱ ደብረ ብርሃን መጥተሽ ከኛ ጋር ኑሪ እያለች ስትጨቀጭቀኝ ከረመች። ባሏ ያው ሚኒባሱን ይነዳል። የመሣሪያ ሳጥንህን ማንም አልነካውም። ላንድሮቨሩም ሸራውን ለብሶ ግቢው ውስጥ ቆሞ ከረመ።

ያመጣኸውን ቀን ታስታውሳለህ? ጎማ የሌለው፣ ወለሉን ዝገት የበላው፣ ወንበሩ ላይ ዶሮ የታቀፈችበት ቆርቆሮ በአይሱዙ አስጭነህ ስትመጣ አብደሃል ብዬህ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ግቢያችንን ያዘብን። እኔም ሳልወድ በግዴ መካኒክ ሆንኩ። ካቻቢቴውን ከፒንሳው ለየሁ፤ ቆርቆሮውን ስታቃና ማዶውን ደግፌ ያዝኩልህ፤ የፍሬኑን አየር ስናስወጣ ፔዳሉን ስረግጥልህ የዋልኩት እኔ ነኝ። ሲያልቅ መጀመሪያ የምንሄደው ሞላሌ፣ እናትሽ መቃብር ነው ያልከኝም ያን የፍሬኑን ዕለት ነው።

ሞተሩ የተነሳ ቀን እልል አልኩ። አንተም ገብተህ አምስት እርምጃ ያህል እንደነዳኸው የድንጋይ አጥሩን ደረመስከው። እዚያ ታስራ የነበረችው በግ ድንጋዩ ሥር ሞተች። ስቀህ፣ ፍሬኑ አልያዘም አልክ። ጌትዬ፣ ፍሬኑ ይይዛል። ፔዳሉ እግሬ ሥር እንዴት እንደጠነከረ የማውቀው እኔ ነኝ። አጥሩንም በጓንም አላየሃቸውም። ሰው ከሩቅ እጁን አንስቶ ሰላም ሲልህ ድምፁን እስክትሰማ መልስ እንደማትሰጥ ከዚያ በፊትም ልብ ብዬ ነበር። ሐኪም ዓይንህን ይየው ብልህ ሦስት ቀን አኮረፍከኝ። የሞላሌን መንገድ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ጭጋግ ሲወርድበት ዓይነ ጤናማውም ገደሉን ከመንገዱ አይለይም።

በእሁዱ አንተ ቅዳሴ እንደሄድክ ኮፈኑን ከፈትኩ። ትንሿ ክዳን ሥር ሲነካኩና ሲለያዩ ለሞተሩ እሳት የሚሰጡትን ሁለት ጥቃቅን ብረቶች ያሳየኸኝ አንተው ነህ። ከፌስታል ላይ ጥፍር የምታክል ቆርጬ እንዳይነካኩ በመሃላቸው ሸጎጥኩ። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና ቁርስህን ላዘጋጅ ገባሁ።

ስምንት ወር ብልሽቱን ፈለግከው። ካንዴላ ቀየርክ፣ ሽቦውን ሁሉ እንደ አዲስ ዘረጋህ፣ ካርቡሬተሩን ፈታህ፣ ገጠምክ፣ ደግመህ ፈታህ። ያንኑ ክዳን ከፍተህ በጣትህ ስትዳስስ አጠገብህ ቆሜ ነበር፤ ጣትህ አላገኛትም። በገዛ መኪናዬ የሰው እጅ አይገባም ስትል የኖርከው ሰውዬ፣ በመጨረሻ ገበያው ዳር ያለውን መካኒክ ጥሪልኝ አልከኝ። ሳልጠራው፣ አይመቸኝም ብሏል ብዬ ዋሸሁህ። በማግስቱ መፍቻዎችህን ግሪስ ቀብተህ ሳጥኑ ውስጥ ከረቸምካቸው። «እጄ ረሳው» አልክ። ሰፈሩም ጌታነህ አበቃለት አለ፤ እኔም እየሰማሁ ዝም አልኩ።

ደረትህን አሞህ በተኛህባቸው አሥር ቀናት፣ ትኩሳቱ መለስ ባለልህ ቁጥር እጄን ይዘህ «ምኑን ነው የረሳሁት?» ትለኝ ነበር። መልሱ ምላሴ ላይ ነበረ። ምን ነበር አንዴ ብናገረው! ለአንተ ሳስቼ ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ። ውሸት ነው። እንደጠላኸኝ እንዳትሄድ ፈርቼ ነው።

ለንስሐ አባታችን ተናዘዝኩ። ነፍሱን ነው ያተረፍሽው አሉኝ፣ ስግደትም ሰጡኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴ ቆሰለ እንጂ ልቤ አልቀለለኝም፤ የበደልኩት እሳቸውን አይደለም።

ትናንት ሰው በልቶ ጠጥቶ ሳይበተን ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ወጥቼ ሸራውን ገፈፍኩ፣ ያችን ቁራጭ አወጣኋት። የስንዱ ባል ቤንዚን ጨምሮ፣ የሚኒባሱን ባትሪ ገጥሞ ቁልፉን አዞረው። በሁለተኛው ተነሳ። እንዴት ያለ ድምፅ መሰለህ፣ ጌትዬ! ወንድምህ በሩን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ስንዱ ግን ፊቷን አዞረችብኝ፤ ሳትሰናበተኝ ሄደች። ደብረ ብርሃን ነይ የሚለው ነገርም በዚያው የቀረ ይመስለኛል። አልፈርድባትም።

መኪናውን አልሸጠውም፤ ሞላሌም አልሄድበትም። እኔ በሕይወት እስካለሁ ግን በሠርግም ይሁን በለቅሶ ስምህ በተነሳ ቁጥር፣ ጌታነህ እጁ አልረሳም፣ ሞተሩን ያፈንኩት እኔ ነኝ ማለቴን አልተውም። ማንም ሳይጠይቀኝ እናገረዋለሁ። መሐል ሜዳ ሁሉ አሁን ያውቃል። ሳያውቅ የሄደው አንተ ብቻ ነህ።

አስካለ