ለከተራ የወረደው በረዶ

ውድ አባቴ መርጌታ ቃለ ሕይወት፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ ደኅና ነኝ ልል ነበር፤ ግን ደክሞኛል። ከጥምቀት ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። ስልክ ላይ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጉልበትዎ ብቻ ጠይቄ ዘጋሁ። ወረቀት ይሻላል፤ መሐል ላይ አያቋርጡኝም።

ከበዓሉ በፊት ሐሙስ ዕለት የደወሉልኝን ያስታውሳሉ። ባሕር ዳር የአየር ትንበያ ሥራ ከያዝሁ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አሥራ ሁለቱንም ዓመት “ደጅ ወጥታ ቀና ማለት ሲቻላት ወረቀት ላይ ሰማይ የምትፈልግ ልጅ” እያሉ ቀልደውብኛል። የይፋግ ሰው ሩዙን መቼ እንደሚወቃ የሚጠይቀው እርስዎን ነው። የዚያን ዕለት ግን እርስዎ እኔን ጠየቁኝ። ዓርብ ቢወቃ፣ ከዚያ ቅዳሜ ሰንበት፣ እሑድ ከተራ፣ ሰኞ ጥምቀት፣ ማክሰኞ ሚካኤል ነው፤ አራት ቀን ማንም ሥራ አይነካም። የተወቃው እህል እስከ ረቡዕ አውድማ ላይ ይቆይ ወይስ ክምሩ ሳይነካ ውቂያው ከበዓል በኋላ ይሁን አሉኝ።

“ይቆይ አባቴ፣ ጥር ደረቅ ነው” አልሁዎ።

ካርታውን አላየሁም ነበር። የጠዋቱ መረጃ ጠረጴዛዬ ላይ ነበረ፤ ልግለጠው ብል አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን “ቆዩኝ፣ ልይ” ብል የማላውቅ እመስልዎታለሁ ብዬ ፈራሁ። ኩራትም ነበረበት። ስልኩን ዘግቼ የበዓል ቀሚስ ልገዛ ወጣሁ። ዓርብም ዕረፍቴ ነበር።

ቅዳሜ ቀትር ላይ የጣና ሰማይ ጠቆረ። ቢሮ ሮጬ ብገባ፣ ካርታው ለካ ከሐሙስ ጀምሮ ይህንኑ ሲናገር ኖሯል። ደጋግሜ ደወልሁ፤ መስመር የለም። እሑድ ታቦት ሲወጣ ካፊያው ላይ በረዶ ተቀላቀለበት። ከመራዊ እስከ ይፋግ ሦስት ቀን ዝናብና በረዶ ሲፈራረቅ፣ እኔ መስኮት ዘግቼ የወረደውን መጠን ስመዘግብ ዋልሁ። እናንተ ታቦቱን አጅባችሁ በረዶው ሲወርድባችሁ፣ እህሉ አውድማ ላይ ይርስ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤትዎ የብርጓል ዓይኗን ልትታከም መጥታ እኔ ዘንድ አደረች። ግማሹ ሩዟ አውድማው ላይ በቅሎባታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ያ ሩዝ ብቻ እንደሆነ ያውቃሉ። ልነግራት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

“መርጌታን ምን እንበላቸው?” አለችኝ። “ሰዉ ‘ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ’ ቢላቸው፣ ቆመው ‘ያጠፋሁ እኔ ነኝ፤ ሰማዩን አጥርቸ አላየሁም’ አሉ። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቃቸው የለም።”

እርስዎ የእኔን ስም አላነሡም። ልጅዎ ነኝና መሸፈንዎ አይገርመኝም። የሚያሳፍረኝ የራሴ ነገር ነው፤ ይህን ሰምቼም ሻይ ቀድቼላት ዝም አልሁ። ጠዋት አቅፋ ስማኝ ሄደች። አርባ ዓመት በእርስዎ ቃል የዘራና የወቃ አገር፣ በእኔ አንዲት ደቂቃ ስንፍና ጀርባውን ሲሰጥዎ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

የፊታችን እሑድ እመጣለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሳይበተን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ፣ ካርታውን ሳላይ ‘እህሉ ይቆይ’ ያልሁት እኔ መሆኔን እናገራለሁ። የብርጓልም ትስማኝ። እርስዎን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ስናገር እባክዎ ከጎኔ አይቁሙ። አጠገቤ ካዩዎት ለእርስዎ ብለው ይምሩኛል።

ልጅዎ ሙሉነሽ
ባሕር ዳር፣ ጥር ፳፰