እማዬ ክፍል የሚበራው መብራት

ወንድሜ ኢፋ፣ የጌታ ጥበቃ ጎዴ ድረስ ይከተልህ።

ለማረባቸው ዓሦች መብራት እንደማበራ ስነግርህ፣ «ለዓሣ መብራት ምን ይሠራለታል?» ብለህ ሳትስቅ አትቀርም። በቀን አሥራ ስምንት ሰዓት ሳበራላቸው ምግባቸውን ይሻማሉ፤ እንቁላልም ቶሎ ቶሎ ይጥላሉ! ሶኬት ያለው እማዬ ክፍል ብቻ ስለሆነ የዓሦቹን ገንዳ እዚያ አስገባሁት። እሷም ዓይኗን በነጠላ ሸፍና፣ «ብቻ ይባዙልሽ» ትለኛለች።

እናቲቱ ዓሣ እንቁላሏ እስኪፈለፈል አፏ ውስጥ ይዛ እንደማትበላ ስነግራት፣ «እኔስ እናንተን ሳሳድግ?» ብላ ሳቀች። ሳህኗን ግን ወደ እኔ ገፋችው። ትናንት ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ አጠበብኩላት። ገንዳውን ላውጣ ስላት፣ «የተመረቅሽበት ሙያ ፍሬ ነው፣ ተይው» አለችኝ፤ ተውኩት።

ስትደውል ስለ ዓሦቹ አትጠይቀኝ። እማዬን ምን እንደበላች ጠይቃት፤ አንተን አትዋሽም። የነገረችህን ጻፍልኝ።

ናፋቂ እህትህ መቲ፣ ከአምቦ